የነጠቅኩት ከረሜላ

ባለፈው ሳምንት የሆቴል ሥራ የምትማረው ልጄ ደብተሯን ይዛ መጣችና፣ «አባዬ፣ ካንዲ፣ ስዊትስና ዲዘርት ልዩነታቸው ምንድን ነው? ነገ ፈተና አለብኝ» አለችኝ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ እኔን ግን ወደ አንድ የድሮ ቀን መለሰኝ።

አስጎብኚ በሆንኩ በሁለተኛው ወር አንዲት አሮጊት እንግሊዛዊት ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም በእግር ልወስድ ተነሳሁ። ሆቴሉ በር ላይ በቦርሳዋ ውስጥ አንድ ከረጢት ከረሜላ አየሁ። እኛ አስጎብኚዎች እንግዳ ለሕፃናት ከረሜላ እንዳያድል እንከለክላለን፤ ልጆቹ ትምህርታቸውን ትተው መንገድ ላይ ይውላሉና። ፈገግ ብዬ ወሰድኩባትና ለእንግዳ ተቀባዩ ሰጠሁት። ልትናገር አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። እንግሊዝኛዬን ላሳያት ቸኩዬ፣ «እናንተ ስዊትስ የምትሉትን አሜሪካኖች ካንዲ ይሉታል፤ ዲዘርት ግን ከምግብ በኋላ የሚቀርበው ጣፋጭ ነው» አልኳት። ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ ሳቀች። «ልክ ነህ። ለምሳ ከተመለስን ግድ የለም» አለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ያኔ ምላስ እንጂ ጆሮ አልነበረኝም።

ስንደርስ ቁልፍ ያዡ ቄስ ለቀብር ሄደው ቆዩን። የመስከረም ፀሐይ ይፋጃል። ቤተ ክርስቲያኑን አይተን ስንመለስ የምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። ዳገቱ ላይ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቃት፣ ንግግሯ ተኮላተፈ።

«ስኳር በሽታ አለብኝ» አለች ድንጋይ ላይ ተቀምጣ። «ስኳሬ ወርዷል። ከረሜላው መድኃኒቴ ነበር።»

ሰው ልገድል ነው ብዬ ወደ ቅርቡ ቤት ሮጥኩ። እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ባልቴት ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ።

«እናቴ፣ ማር ካለዎት ይስጡኝ! እንግዳዬ ልትሞትብኝ ነው!»

«ለመድኃኒት ያስቀመጥኳት ትንሽ አለች» አሉና የማር ቅሏን ይዘው ከእኔ ቀድመው ወረዱ። ነጩን ማር በጣታቸው እየዛቁ አጎረሷት። «አይዞሽ እቴ፣ ዋጪው።»

ቆይቶ የእንግዳዬ የፊቷ ወዝ ተመለሰ። እትዬ ዘነቡ ወደ እኔ ዞሩ። «ሕመምተኛን ያለ ስንቅ እንዴት ታወጣለህ?»

«ረስታው ነው» አልኩ። አማርኛ የማትሰማው እንግዳዬ የማወራው ስለ እትዬ ዘነቡ ደግነት መስሏት ፈገግ አለችልኝ። ያቺ ፈገግታ እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

እትዬ ዘነቡ አሁን የሉም፤ እውነቱን ሳልነግራቸው ሄዱ። ለልጄ ግን ሦስቱን ቃላት ካስጻፍኳት በኋላ ሁሉንም ነገርኳት። እስክሪብቶዋን እንደያዘች፣ «ይሄም ፈተናው ላይ ይመጣል እንዴ?» አለችኝ።

ፈተናውን እንደምታልፍ አውቃለሁ። የምፈራው የመጀመሪያ እንግዳዋ ለመናገር አፉን የሚከፍትበትን ዕለት ነው።