ግድቡ ላይ የተተከለው አካፋ

ገና ልጅ ሳለሁ፣ አሜሪካ ኦሮራ ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ በነበረን ጠባብ አፓርትመንት፣ አብረውን የሚኖሩት የአባቴ አጎት ጋሽ ተሰማ ማታ ማታ ስለ አንዲት ትንሽ የሆላንድ መንደር ያወሩልኝ ነበር። አሜሪካ ከመምጣታቸው በፊት ብዙ ዓመት በስደት የኖሩባት ናት። ከባሕሩ ዝቅ ብላ በአፈር ግድብ የተከበበች መንደር ነበረች፤ ድሮ ሰዎቿ ከረግረግ የቆረጡትን አፈር አድርቀው ያነዱ ነበር ሲሉኝ፣ ያኔ እኔ መብራቱ ሥር ተጋድሜ ጭሱ የሚሸተኝ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ መጋረጃ ስትዘጋ ይቆጡ ነበር። «እዚያ ማታ መጋረጃ የሚዘጋ የሚደብቀው ነገር አለው» ይሏታል። እሷም ወደ ፓርኪንጉ እያየች «ጋሼ፣ እዚህ ተከፍቶ ካደረ ቲቪው አብሮን አያድርም» ትላቸዋለች፤ እንስቃለን።

በኋላ ጋሽ ተሰማ መውደቅ አበዙ፤ ቀን ብቻቸውን መዋል አልቻሉም። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ማን ቤት ይሁኑ የሚለውን ለመወሰን ዘመድ እኛ ቤት ተሰበሰበ። የሚገርመው፣ እምቢ ያለ አልነበረም። ቶርንተን ከተማ ያለው አጎቴ «እርስዎ ደስ ያለዎት ቦታ ነው፣ ጋሼ» አለ። አክስቴም «እርስዎ ይምረጡ እንጂ እኛ ምን አገባን» አለች። አባቴም አንገቱን ደፍቶ ያንኑ ደገመ። እሳቸው አፍ አውጥተው «አንተ ጋ ልሁን» እንደማይሉ ሁሉም ያውቁ ነበር።

ጋሽ ተሰማ ግን ስለ መንደሯ ማውራት ጀመሩ። ድሮ እያንዳንዱ ገበሬ ከግድቡ የሚጠግነው ድርሻ ነበረው አሉ። አቅም ያነሰው ሰው አካፋውን ድርሻው ላይ ተክሎ፣ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል። አካፋውን የነቀለ ሰው ቤቱንም መሬቱንም ግድቡንም ይረከባል።

«ነቃይ ጠፍቶ አያውቅም» አሉ፤ «ግድቡ ከተናደ ውሃው ለሁሉም ነዋ።»

ከዚያ አጎቴ «በእውነት ትልቅ ትምህርት ነው» ብሎ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ፤ የሥራ ሺፍት ነበረበት። እኔ ለምን እኛ ጋ አይቆዩም ብዬ በእንግሊዝኛ አባቴን ጠየቅኩት።

«የቤቱ ኪራይ ውል አይፈቅድም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እስከዚያ ቀን ፈቅዶ ነበር።

ሊትልተን ከተማ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ አስገቧቸው። አማርኛ የሚሰማ ሰው አልነበረም፤ ክረምቱ ሳያልቅ አረፉ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

መንደሯን ሄጄ አላየኋትም፤ ማየትም አልፈልግም። አባቴ ግን የአካፋውን ታሪክ ይወደዋል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወራዋል። ሲጨርስም ራሱን እየነቀነቀ «ፈረንጅ እኮ አንጀት የለውም፤ አቅም ሲያንስህ ከገዛ ቤትህ ያስወጣሃል!» ይላል።