የእናቷ ወገን

ቀትር ላይ የውባለም የዓይን ቆብ ይወድቅባታል። ለማየት አገጯን ሽቅብ ታነሳለች፤ የአገሯ የቀወት ሰው ይህን ኩራት ይለዋል። በገበሬ ማኅበሩ የጋራ እርሻ ማሽላ ሲታረም፣ «ሰማይ ሰማዩን ነው የምታየው፤ እኛ ለዓይኗ አንሰን» እያሉ ይሳለቁባታል። ክንዷ ዝሎ ስትቀመጥ ደግሞ ሰነፍ አሏት። ጠበሉም መነጽሩም አልረዳትም። ይባስ ብሎ በዚያ ክረምት ልጇ ዓለምፀሐይ ከጎኗ እያረመች ቶሎ ቶሎ መቀመጥ ጀመረች።

የሸዋ ሮቢቱ ጤና ጣቢያ ድሬሰር አዲስ አበባ ላካት። ታላቅ ወንድሟ ዘውዴ አብሯት ሄደ፤ ተናጋሪው እሱ ነው። የነርቭ ሐኪሙ እስክትደክም ድረስ ጣሪያ ጣሪያውን አሳያት፣ ሳትደገፍ ከወንበር እንድትነሳ አደረጋት፣ ልቧን በመሣሪያ መረመረ። ከዚያ፣ «ከቤተሰባችሁ እንዲህ ዓይኑ የሚከደንበት አለ?» አለ።

ዘውዴ ጉሮሮውን ጠርጎ አባቶቹን እስከ ሰባት ቤት ቆጠረ። «ሁሉም ዓይናቸው የጭልፊት ነው» አለ።

ውባለም እናቷን በላይነሽን አሰበች። በላይነሽ የዓይኗን ቆብ ወደ ላይ ስባ ለመያዝ ሻሿን ግንባሯ ላይ ጥብቅ አድርጋ ታስር ነበር። ግን ውባለምን ማን ጠየቃት?

ከውባለም ጭን ትንሽ ጡንቻ ተቆርጦ ውጭ አገር ተላከ። ውጤቱ ከወራት በኋላ መጣ።

«ሰውነትሽ ውስጥ ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጡ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ያንቺዎቹ ደክመዋል» አላት ሐኪሙ። «ገና እየተጠና ነው፤ አንዳንዱ ግን በእናት በኩል ይወረሳል። እናታችሁስ?»

«እሷማ ከጀውሃ የመጣች ባዳ ነበረች። እኛ በአባት ነው የምንቆጥረው» አለ ዘውዴ።

«እሷም እንደኔ ነበረች» አለች ውባለም፣ አንገቷን ደፍታ።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ያኔ ስጠይቃችሁ ብትነግሩኝ ልጅሽንም ያኔ አያት ነበር።»

«መድኃኒቱስ?» አለች ውባለም።

«የሚያድን የለም። ባዶ ሆድሽን አትዋዪ፤ ጾሙም ይቅርብሽ። ሲደክምሽ እረፊ። ልብሽን በየዓመቱ እናያለን። ልጅሽን አምጫት።»

ለዚህ ነው ያ ሁሉ መንከራተት? አውቶቡሱ ከጣርማበር ቁልቁል ሲወርድ ውባለም ከንፈሯን እንደነከሰች ነበር። ዘውዴ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ለማንም እንዳትነግሪ። ልጅቷን ማን ያገባታል?»

«ይተዉኝ፣ ጋሼ። ከእንግዲህ ልጄን እኔው ነኝ የምወስዳት። ለሐኪሙም እኔው እነግረዋለሁ።»

«ብቻሽን? መንገዱን መቼ ታውቂውና?»

«እጠይቃለሁ» አለች።