አንድ ሜትር ከዘጠና

ሰውዬው ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው በግንባታ ፈቃድ ክፍል ነው። የመዝገብ ስሙን ከደሞዝ ከፋዩና ከሚስቱ በቀር የሚያስታውሰው ስለሌለ እኛም እንደ ባለጉዳዮቹ "ባለመስኮቱ" እንበለውና እንቀጥል። ሳሎን ከፍዬ መኝታ ቤት ላውጣ፣ ማድ ቤቱን አዙሬ ለልጄ ክፍል ልሥራ የሚል ሁሉ ፕላኑን ጠቅልሎ እሱ ጠረጴዛ ፊት ይቆማል። እሱ ደግሞ ፕላኑን ዘርግቶ፣ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ፣ "መስኮቱስ?" ይላል። ከዚህ ሌላ ሰላምታ አልነበረውም።

ደንቡ የታወቀ ነው። መኝታ ቤት ተብሎ የሚፈቀድ ክፍል ቢያንስ ሰባት ካሬ ይሆናል፣ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ይኖረዋል፣ የሌላ ሰው መኝታ ቤት ታልፎም አይገባበትም። ሰው ግን መላ አያጣም። መስኮት የሌለውን ክፍል ፕላኑ ላይ "ዕቃ ቤት" ብሎ ይጽፍና ማህተም ካረፈበት በኋላ አልጋ ያስገባል። ዕቃ አይተነፍስማ፣ መስኮት ምን ያደርግለታል! ባለመስኮቱም ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ዓመት እንዲህ ያለ ዕቃ ቤት ፈርሞ አሳልፏል። በዚያው ክረምት ብርድ ሲበረታ የቤቱ ሠራተኛ ከሰል ይዛ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ጠዋት አልተነሳችም። ወረቀቱ ንጹሕ ስለነበር እሱን የጠየቀው የለም። እሱ ግን ቤቱ ድረስ ሄዶ ክፍሏን አየ፤ ሌላ የሚያደርገው ቢጠፋው ሜትሩን አውጥቶ ፍራሿን ለካ። አንድ ሜትር ከዘጠና ነበር።

ከዚያ ወዲያ ይህንኑ የሚያህል ሲባጎ ቆርጦ፣ ጫፍና ጫፉን ቋጥሮ በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። ዕቃ ቤት ነው የተባለ ክፍል ሁሉ ውስጥ ይገባና ሲባጎውን ከግድግዳ ግድግዳ ይዘረጋል። ሲባጎው ከገባ አልጋ ይገባል፣ አልጋ ከገባ ሰው ይተኛል፣ ሰው ከተኛ መስኮት ይምጣ፤ ክርክር የለም። በዚህም አላበቃ፣ አለቆቹን ጨቅጭቆ የመስክ ቅጹ ላይ አንድ መስመር አስጨመረ። "በዕቃ ቤቱ የሚቀመጠው ምንድነው?" ይላል መስመሩ። ጥያቄውን የሚያነበው ሊያይ የሄደው ባለሙያ ነው፤ ባለቤቱ በአፉ ይመልሳል፣ ባለሙያው ይጽፋል። ሰው በወረቀት እንደሚዋሸው ፊት ለፊት አይዋሽም ባይ ነው። ጡረታ ሲወጣ ሲባጎውን ራሱ ላሠለጠናት ልጅ አስረከበ። ልጅቷ ዛሬ ኢንጂነር ናት፤ እሷ ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ ስትገባ የተንጋደደ ግድግዳ እንኳ ቀጥ ብሎ ይቆማል እየተባለ ይቀለድባታል።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ታላቅ እህቱ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር ነው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ብቻዋን መኖር የለባትም አለ፤ ከሆስፒታል የምትወጣውም ወሩ ሲያልቅ ነው። እትዬ ለእሱ እህት ብቻ አልነበረችም። እናታቸው ስትሞት እሱ አምስት ዓመቱ ነበር፣ እሷ አሥራ ስድስት፤ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዋን አሳደገችው። ሳል የማይለቀው ልጅ ነበርና ፍራሹን መስኮት ሥር አነጠፈችለት፣ እሷ በሩ ጋ ተኛች። በበሩ ሥር የሚገባውን ንፋስ አሥራ አንድ ዓመት በጀርባዋ ስትቀበል ኖራ፣ አንድ ቀን እንኳ "እንዲህ አድርጌልህ" ብላው አታውቅም። ብትለው ይሻለው ነበር።

አሁንም "ና ውሰደኝ" አላለችም። ስትለመን ደግሞ ውል አስገባች፤ ሶፋ ላይ አልተኛም፣ የማንንም አልጋ አልነጥቅም፣ በር ያለው ክፍል ካለህ እመጣለሁ፣ ከሌለህ ቤቴ መልሰህ ጣለኝ። "እሺ" የሚባል ቃል ከእሷ አፍ የሰማ ሰው የለም። ሐኪሙም ሁለት ቀን ተሟግቷት ትቷታል።

የባለመስኮቱ ቤት ምድር ላይ ያለ አፓርታማ ነው። ሁለት መኝታ ቤት አለው፤ በአንዱ እሱና ሚስቱ፣ በሌላው ሴት ልጁ ከሁለት ሴቶች ልጆቿ ጋር ይተኛሉ። ሳሎኑ ረዥም ሆኖ ያለው መስኮት አንድ፣ እሱም በወዲያኛው ጫፍ ነው። ሚስቱ ገና በመጀመሪያው ቀን ነገሩን ጨርሳው ነበር፤ የኛን ክፍል እንልቀቅላት፣ እኛ የሳሎኑን ጥግ በመጋረጃ ከልለን እንተኛ አለችው። ተቆጣ። ወገቤ አለ፣ ዕድሜዬ አለ፣ እሷስ የሰው አልጋ አልነጥቅም ብላ የለም ወይ አለ። ዕድሜ ልኬን የሰው መኝታ ቤት ስፈቅድ ኖሬ በስተርጅና ሳሎን ልወድቅ ነው አለ። ሚስቱ ማድ ቤት ገባች። መልሷን የሰጠችው ድስት እያንኳኳች ነው።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ ባለመስኮቱ ለእህቱ ሲቆርስ አሳነሰ። ከመግቢያው በር አጠገብ ያለችውን የሳሎን ጥግ መርጦ፣ ወለሉ ላይ በጠመኔ አንድ ሜትር ከሰማንያ አምስት በአንድ ሜትር ከሰማንያ አምስት አሰመረ። በጂፕሰም ትዘጋለች፣ በር ይገጠምላታል። ፕላኑ ላይ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ "ዕቃ ቤት" ብሎ ጻፈባት። ሲባጎው በአምስት ሳንቲም አይገባባትም። እትዬ ድሮም አጭር ናት፣ እርጅናም ቀንሷታል፤ ስለዚህ ለአናጢው አንድ ሜትር ከስድሳ የሆነ አልጋ አዘዘ። አናጢው ልጁ ስንት ዓመቱ ነው ቢለው "ሰባ አምስት" አለው።

ከሰል አይገባም፣ በሩንም ገርበብ አድርጋ ትተኛለች እያለ ራሱን አሳመነ። ለጊዜው ነው አለ። በአንድ ክረምት ምን ይመጣል አለ። በሠላሳ አንድ ዓመት ከባለጉዳይ አፍ የሰማውን ሰበብ አንድ ሳያስቀር ለራሱ ደገመው።

ፕላኑን ለድሮ መሥሪያ ቤቱ አስገባ፤ ለመስክ እይታ የመጣችው ራሷ ኢንጂነሯ ናት። ጋሼ እንዴት ነዎት ብላ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። የጎረቤቶች ፊርማ ተሟልቷል፣ ሕንፃውን የተሸከመ ግድግዳ አይነካም፤ እያንዳንዱ ወረቀት በቦታው ነው። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ማመልከቻ ካየች ቆይታለች። ከዚያ ከቦርሳዋ ሲባጎውን አወጣች። ከርሞ ጠቁሯል፣ ቋጠሮዎቹ ግን እነዚያው ናቸው። እሱም ለምዶበት ሳይጠየቅ አንዱን ጫፍ ያዘ። ተንበርክካ ስትዘረጋው ቋጠሮው መስመሩን አልፎ ወጣ። በሌላው ጎንም ሞከረች፣ እዚያም አለፈ።

ጠመኔውን አየች፣ ከዚያ እሱን አየች። አምስት ሳንቲም ናት አለች፤ ለማን እንደተናገረች አይታወቅም። በሲባጎው ሕግ ክፍሏ አልፋለች። ኢንጂነሯ ቅጹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መሙላት ጀመረች፤ ያቺ መስመር ጋ ስትደርስ ቀና አለች።

"በዕቃ ቤቱ የሚቀመጠው ምንድነው፣ ጋሼ?"

መልሱን ሳምንት ሙሉ አጥንቶታል። ሻንጣ፣ አሮጌ ፋይል፣ የልጆች ብስክሌት። ዓይኑን በጨው አጥቦ ሊለው አፉን ከፈተ። የቆመው ከመስመሩ ውስጥ ነበር፣ በዚያ በኩል በሩ፣ በዚህ በኩል ባዶው ጥግ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

"እህቴ" አለ።

ማድ ቤት ውስጥ የድስቱ መንኳኳት ቀጥ አለ። ኢንጂነሯ ምን አሉኝ ጋሼ አለች፤ ሰምታዋለች፣ የሚመለስበትን መንገድ ስትከፍትለት ነው።

"እህቴ ናት። ያሳደገችኝ።"

መንገዱንም በገዛ እጁ ዘጋው። አፈረ። ልጁ የምትሆን ሴት ፊት፣ እሱ በሰጣት ሲባጎ ተለክቶ፣ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ሲያጭበረብር መያዙ አንጀቱን አቃጠለው። የባሰው ግን ሌላ ነው፤ ይህን ሁሉ የደከመው አልጋውን ላለመልቀቅ እንደነበር አሁን ለራሱም መደበቅ አልቻለም። ኢንጂነሯ ቀዩን እስክሪብቶ አውጥታ በፕላኑ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ አሰመረችበት።

ምክንያቱን ጻፊበት እንጂ አላት። ያለ ምክንያት የተከለከለ ፕላን ይግባኝ ያመጣል ብሎ ያስተማራት እሱ ነው። ጻፈች፤ እሱም አንብቦ መረከቡን ፈረመ። ስትወጣ በር ላይ ሚስቱን አግኝታ፣ እማማ፣ መጋረጃ እኮ ፈቃድ አይጠይቅም አለቻት። አውቃለሁ ልጄ፣ እኔማ አውቃለሁ አለች ሚስቱ።

ትልቁን አልጋ ፈታተው፣ ገፍተው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው ወደ ሳሎኑ ጥግ አወጡት። ጠመኔውን ማንም ስላላጠበው አልጋው ከመስመሩ አምስት ሳንቲም አልፎ ቆመ። አጭሩ አልጋ መኝታ ቤቱ ውስጥ መስኮቱ ሥር ገባ፤ አጭር በመሆኑም ለክራንች መዞሪያ ቦታ ተረፈ። ሚስቱ ሳሎኑ ውስጥ መጋረጃውን ስትሰቅል ስለ ወገቡ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

እትዬ ወሩ ሲያልቅ መጣች። በሁለት ክራንች እየተራመደች ክፍሉ በር ላይ ደረሰችና ቆመች። ቁም ሣጥኑ ባዶ ነው፣ ግድግዳው ላይ የትልቁ አልጋ ራስጌ ያሻሸው ቦታ ይታያል። ሞኝ አይደለችም።

"እናንተስ የት ነው የምትተኙት?"

"በሩ ጋ" አላት።

አየችው። በሩ ጋ መተኛት ምን እንደሆነ ለእሷ የሚያስረዳት የለም። እሱም ዓይኑን አላሸሸም፤ ሙግቷን፣ ውሏን፣ ቤቴ መልሰኝ ማለቷን ቆሞ ጠበቀ።

"እሺ" አለች እትዬ።

ክራንቿን ለሚስቱ ሰጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ልኳ ነበር። ከዚያ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ፣ መጋረጃ የላችሁም ወይ አለች። መጋረጃው ሁሉ ሳሎን ወጥቶ ነበርና ለጊዜው ነጠላ አንሶላ ሰቀሉላት።