የሸኹ ትንፋሽ

ከአሊዩ አምባ ገበያ ይዘው አንኮበር ሲያወጡን ወኅኒው ሞልቷል ተባለና የበቅሎ መኖ ከሚከማችበት ጎተራ አስገቡን። በሩ ሲከፈት የገብስ እብቅ እንደ ጉም ተነሥቶ ዓይናችንን ሞላው። ሁላችንም አነጠስን። ዘቡ ሳቀ።

ወሎዬ ሸማኔ ነኝ። ሃይማኖታችሁን ለውጡ የተባልን ጊዜ ቀዬአችንን ጥለን አሊዩ አምባ ወረድን፤ ከነጋዴዎቹ ተጠግተን እንኖር ነበር። ኋላ ከወሎ የመጣ ስደተኛ ሁሉ አንለውጥም ብለው ለሸፈቱት መልእክት ያደርሳል ተባለ። ወንጀላችን ይኸው ነው።

ከእኔ ጋር በአንድ እግር ብረት የተቆራኙት ልጆቻችንን ቁርአን እያስቀሩ የሚያስተምሩ ሸኽ ናቸው። ቆላ ሳሉ ደኅና ነበሩ። በደጋው ብርድ ላይ እብቁ ሲጨመር ግን ደረታቸው እንደ ወናፍ ያፏጭ ጀመር። ጋደም ካሉ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ቁጭ ብለው ያድራሉ፤ እኔም አብሬ ቁጭ። ከመጠጥ ውሃዬ የኩታዬን ጫፍ እያራስሁ አፍንጫቸው ላይ እይዝላቸዋለሁ።

"ልጄ... አንተስ ምን ልትጠጣ ነው?" ይሉኛል፣ እያረፉ።

አንድ ረፋድ የእስረኞቹ ሹም መጣ። ካባ የደረበ፣ ጮማ ያወዛው ሰው ነው። አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኖ ከደጃፉ ላይ ሸኹን ሲያያቸው ቆየና፣

"ይህ ሽማግሌ ያስመስላል። ትንፋሹ ያጠረው ውሸቱ ከብዶት ነው" አለ።

ጭፍሮቹ ሳቁ። እሱ በተናገረ ቁጥር መሳቅ ሥራቸው ነው።

ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ሸማኔ፣ ይህ ሰው ለሽፍቶች መልእክት ሲልክ አይቻለሁ በል። ዛሬውኑ ተፈትተህ ፀሐይ ትሞቃለህ።"

ፀሐይዋ ከኋላው ትታየኝ ነበር። አላስጎመጀችኝም አልልም። ሸኹ እጄን ያዙኝ።

"ጌታዬ፣ ሕመማቸው ውሸት ከሆነ እርስዎ አፍንጫዎን ለምን ሸፈኑ?" አልሁት።

ዱላውን አንሥቶ ሊመታኝ ዘሎ ገባ። ነጠላው ወረደ፣ እብቁ ከእግሩ ሥር ቦነነ። አነጠሰ። ደገመ። ዓይኑ እያለቀሰ ንፍጡ ካባው ላይ ተንጠባጠበ። አንዱ ጭፍራ "ይማርዎ" አለ፤ ሌላው ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ። ያ ሁሉ ግርማ በጥቂት ገለባ አለቀና እየተሳደበ ወጣ።

እኔ ተገረፍሁ፤ የሁላችንም ውሃ ተቀነሰ። ሸኹ ብዙ አልቆዩም። አንድ ማለዳ ከጎኔ ፉጨቱ ቆመ።

ሹሙ ሬሳውን ሊያይ ሲመጣ ዘቡ "ተነሥ! እጅ ንሣ!" አለኝ። የሸኹን ጢም ከገለባ እያጠራሁ ነበር። ጀርባዬን እንደ ሰጠሁት፣ ሳልቸኩል፣ እስከ መጨረሻው አጠራሁላቸው። ከዚያ በኋላ ብረቱን ፈቱልን።

እኔ በዓመት በዓል ምሕረት ወጥቼ አሊዩ አምባ ተመለስሁ። ዛሬ አርጅቻለሁ፤ የአውድማ ወራት በደረሰ ቁጥር የእኔም ደረት ያፏጫል። ሹሙም ከሹመቱ ተሽሯል፤ አልፎ አልፎ ገበያ ይወርዳል። ባለፈው ሰሞን ከሽመና ጉድጓዴ አጠገብ ቆሞ ኩታ አማረጠ። አላወቀኝም።

"ለምን አልነገርኸውም?" ትለኛለች ሚስቴ።

የቀረችኝ ትንፋሽ ጥቂት ናት። በእሱ ላይ አላባክናትም።