ባዶ እጅ የላሰች ላም

ጨው በጠፋበት ሰሞን ሰው ሁሉ ስለ ወጡ ሲያማርር፣ እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የአንዲት ላም ነገር ነው። መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅ።

ላሟ የአዳዳ ነበረች። አዳዳ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ከሊሙ ገነት ወጣ ብሎ ቡናቸው መሀል ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጆቻቸው ተበታትነዋል፤ ከዚያች ላም በቀር የሚያናግሩት የለም። ቡናው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ጅቡም አይጠፋም፣ እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸው ስለደከመ ተከትለው አይሄዱም። ስለዚህ ሲመሽ ደጃፍ ቆመው መዳፋቸውን ይዘረጉና «ኮቱ፣ ኮቱ» ይላሉ፤ ነይ ማለታቸው ነው። መዳፋቸው ላይ ጨው አለ። እሷም ቅጠሉን እየጣሰች ትመጣለች። ጨዉን ልሳ ከጨረሰች በኋላም እጃቸውን መላስ አትተውም ነበር።

ከዚያ ጨው ጠፋ። አንዱ ከአፋር የሚያመጡት መኪኖች ማለፍ አልቻሉም ይላል፣ ሌላው ከውጭ ሊገባ ነው ይላል። ያለውም ዋጋው እሳት ሆነ። ቀጥሎ ተመን ወጣ ተብሎ እኔ የምኖርባትን ጅማን በሞንታርቦ እየለፈፉ ሲዞሩ ፌስታላችንን ይዘን ሮጥን። ምን ዋጋ አለው! በተተመነው ዋጋ ሲጠየቅ ነጋዴው ሁሉ «አልቋል» ነው፤ በጓሮ በር ግን አለ። ተመን ያወጣ ሰው ጨዉንም አብሮ ቢያወጣ ምን ነበረበት?

አዳዳ የቀረቻቸውን ጭብጥ ጨው ለወጥ አስቀሩ። ላሟ ግን ማታ መግባት አለባትና ባዶ እጃቸውን ዘረጉ። መጣች። መዳፋቸውን ላሰች፣ ቀና ብላ አየቻቸው፣ ደግማ ላሰች። ይህን በስልክ ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ውሎ አድሮ ግን ስትጠራ መዘግየት ጀመረች፣ ኋላም ከሩቅ ቆማ ታያቸው ጀመር። በመጨረሻ ጭራሽ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አዳዳም ማታ ማታ ጎረቤት እየለመኑ ማስገባት ሆነ ሥራቸው።

ጨው ወደየሱቁ ሲመለስ ገዝቼ ሄድኩ። አዳዳ «አልሃምዱሊላህ» ብለው፣ ቁጭ በል እንኳ ሳይሉኝ፣ እፍኝ ሙሉ ዘግነው ወጡ። ላሟ ከቡናው ጥግ ቆማለች። «ኮቱ» አሉ። አልተነቃነቀችም። እንድታይላቸው መዳፋቸውን ዘንበል አደረጉላት።

«ዋላሂ፣ ዛሬስ አለ» አሏት።

ለላም ማሉላት! አንጀቴን በሉት። ጠጋ ሲሉ ዞር ብላ ወደ ቡናው ገባች። ከጊዜ በኋላ ትለምድዎታለች ብዬ ላጽናናቸው ሞከርኩ። ጎረቤትም ልመናው ሰልችቶት ነበር። ጅብ ከሚበላብኝ ብለው ሊሸጧት ቆረጡ።

የገዛት ሰው ከየቡ ከተማ ነው የመጣው። ገመድ አስሮ ቢጎትት አልሄድ አለች። ያ ሰው ብልህ ነው፤ አዳዳን ትንሽ ጨው ለምኖ መዳፉ ላይ አደረገና ወደ አፍንጫዋ ዘረጋላት። ላሰች። ከዚያ እጁን እየላሰች ተከተለችው።

አዳዳ አጥሩን ይዘው እስክትሰወር አዩዋት።

«ከጨውማ አልተጣላችም» አሉኝ፤ «ከእኔ እጅ ነው።»