አያ ሰይድ የሸፈኑኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት ጋሸና መናኸሪያ መኪና ስጠብቅ ሁለት ወጣቶች በወንበር ተጣሉ። ጠቡ ብዙም ሳይቆይ ወንበሩን ትቶ ወደ ዘርና ወደ ሃይማኖት ዞረ። አንደኛው ድንጋይ አነሳ። ሰው ገብቶ ገላገላቸው፤ እኔ ግን የልጁ ጣቶች ድንጋዩን ጨምቀው ሲይዙ አየሁ። እኔም አንድ ጊዜ ዱላ እንደዚያ ይዣለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። መንደራችን ከላስታ ደጋ በስተ ምሥራቅ ጫፍ፣ መሬቱ ቁልቁል ወደ ቆላ ከሚወርድበት አፋፍ ላይ ነው። እኛ ክርስቲያኖች ከላይ፣ እስላሞቹ ከታች። ማሽላ ሲታጨድ በሬዎቻችን አገዳውን ሊበሉ ይወርዳሉ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ የእነሱ ከብቶች ዝንቡን ሸሽተው ወደ እኛ ይወጣሉ። አባቴና አያ ሰይድ የሚባሉት የቆላ ገበሬ ወዳጅነታቸውን የወረሱት ከአባቶቻቸው ነው። አያ ሰይድ ቤታችን ሲመጡ በጉ ከነነፍሱ ይቀርብላቸዋል፤ ራሳቸው ያርዳሉ። እኛ ስንወርድም አርዶ የሚያበስልልን ክርስቲያን ይጠሩልናል። ልጃቸው ይማም እኩያዬ ነበር። አንድ ዓመት ማሽላ አብረን ጠብቀናል፤ በወንጭፍ ወፍ እያባረርን፣ እሸቱን በእሳት እየለበለብን፣ ከንፈራችን ጠቁሮ እንውል ነበር።

በአንድ ሚያዝያ ቆላ የነበሩት ሦስት በሬዎቻችን ጠፉ። አንድ የመንደራችን ሰው ቆዳቸውን ገበያ ላይ አየሁት፣ ቆለኞቹ አርደው በልተዋቸዋል ብሎ አወራ። አባቴ መጀመሪያ ሰይድን እንጠይቅ ብሎ ለመነ። የሰማው የለም። እኔም አልሰማሁትም። በገበያው ቀን ሠላሳ የምንሆን ወንዶች ዱላና ፋስ ይዘን ወደ ቆላው ገበያ ወረድን። መንገድ ላይ በሶ በጥብጠን ጠጣን፤ እንደ ሠርገኛ እንሳሳቅ ነበር።

ማን ቀድሞ እንደመታ አላየሁም። የበርበሬው ጆንያ ተረጋግጦ አየሩ ያቃጥላል፤ ሰው ሁሉ እያሳለና እያነባ ይደባደባል። አንድ ሽማግሌ ትከሻቸውን በፋስ ሲመቱ አጥንታቸው ሲሰበር ሰማሁ። ከዚያ አንድ ራሱን የጠመጠመ ወጣት እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ ሮጠ። በስሜ ጠራኝ። ሲጠራኝ ሰምቻለሁ፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዱላዬ ግን አልተመለሰችም። ግራ ዓይኑ ላይ አረፈች። ይማም ነበር።

የእኛ ሰዎች ሲሸሹ እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ቆለኞቹ ጥለው ይቀጠቅጡኝ ጀመር። አፌ ደምና አፈር ሞላው። መሞቴ ነው ስል አንድ ከባድ ሰውነት ላዬ ላይ ወደቀ። አያ ሰይድ ነበሩ።

«እንግዳዬ ነው» አሉ። «እኔን ሳትገድሉ እሱን አትገድሉም።»

ሁለት ሦስት ዱላ እሳቸው ላይ አረፈ፤ ክንዳቸው ተሰበረ። ከዚያ ሰዉ ቆመ።

እየጎተቱ ቤታቸው አስገቡኝ። ባለቤታቸው ደሜን እያጠቡልኝ ሳለ ይማምን በቃሬዛ ይዘውት ገቡ። በቀረው ዓይኑ አየኝ። እናቱ ጨርቁን ከእጃቸው ጣሉ። ማን ነው የመታው ብለው አያ ሰይድ ጠየቁ። እኔ ነኝ አልኳቸው።

የተሰበረ ክንዳቸውን በሌላው እጃቸው ደግፈው በሩ ላይ ቆሙ።

«ሰዎቹ ከደጄ እስኪሄዱ እዚሁ ነህ፤ ማንም አይነካህም» አሉ። «ከዚያ በኋላ ግን ፊትህን አታሳየኝ።»

በሬዎቹን የሸጣቸው ያው ወሬውን ያመጣው ሰው ሆኖ ተገኘ። አበጋሮች፣ የአገሩ ደም አድራቂ ሽማግሎች፣ ሁለቱን ወገን አስቀምጠው አስታረቁ፤ በየእምነታችን ማልን። ከብቶቹም እንደ ቀድሞው መውጣት መውረድ ጀመሩ። አያ ሰይድ ከአባቴ ጋር እስከ መጨረሻው ወዳጅ ነበሩ። እኔን ግን እስኪሞቱ ድረስ ቀና ብለው አላዩኝም። ሲቀበሩ ከሰዉ ኋላ ቆሜ ነበር። ይማም መጥቶ አካፋውን ሰጠኝ።

«አንተም አፈር አልብሳቸው» አለኝ።

ወሎ የፍቅር አገር ነው ሲባል ውሸት አይደለም። ግን ያ ፍቅር በአንድ የገበያ ቀን በገዛ እጄ ሲሰበር አይቻለሁ። የጠገኑት ደግሞ እኔ ሳልሆን የተጎዱት ናቸው።

ይማም ዛሬም አለ። ማሽላ ሲደርስ እወርዳለሁ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆቻችን እናወራለን። ያን ቀን ጥሪውን እንደሰማሁ የሚያውቅ ይመስለኛል። ጠይቆኝ አያውቅም። በግራው ብቀመጥ ስለማያየኝ ይቀለኝ ነበር። እኔ ግን ሁልጊዜ በቀኙ እቀመጣለሁ።