ቲቸር የሺ እና የጁባ መስከረም

ዝናብ ያገኘው ካርቶን የራሱ ሽታ አለው፤ ዱቄት ዱቄት፣ ሻጋታ ሻጋታ የሚል። ባለፈው ሳምንት ካስተም ገበያ ያለው ሱቃችን ጣሪያው አፍስሶ የብስኩት ካርቶኖቼን ሲያበሰብስብኝ፣ በኪሳራው መናደድ ሲገባኝ ቲቸር የሺ ትዝ አለችኝና እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ቲቸር የሺ ኮሎሎ ሰፈር ውስጥ፣ የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ በተከራያት አንዲት ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ታስተምረን ነበር። ክፍሏ ቤተ መጻሕፍታችንም ነበረች፤ ሁለት የብረት መደርደሪያና ሽፋናቸው የተገነጠለ የተረት መጻሕፍት ነበሯት። ቲቸር ቀጭን፣ ድምፀ ጎርናና፣ ጣቶቿ ሁልጊዜ በማርከር የተዥጎረጎሩ ሴት ነበረች። በዓል ሲቃረብ ከአባቴ ሱቅ ባዶ ካርቶን ታስመጣንና በዱቄት ሙጫ ግድግዳውን ታለብሰዋለች። ለቡሄ ችቦና ጅራፍ፣ ለረመዳን ደግሞ ለእኛ ለሙስሊሞቹ ትልቅ ጨረቃ። ከበዓሉ ጋር የሚሄዱትን መጻሕፍት ከሥሩ ትደረድራለች። ጨረቃዋን ስትለጥፍ ወንበር ላይ ወጥታ «ቀና ነው? ዘመመ?» ብላ የምትጠይቀው እኔን ነበር። እንዴት እኮራ እንደነበር!

አንድ ዓመት ለእንቁጣጣሽ የግድግዳውን ካርቶን ጥርት ያለ ሰማያዊ ቀባችው፤ ከሥሩ አደይ አበባ ለጠፈችበት። «ክረምቱ አለፈ፣ ጭቃው ደረቀ» የሚለውን ጮክ ብለን እንድናነብም አሰለፈችን። ችግሩ ጁባ በመስከረም ገና ዝናብ አልጠገበችም። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዶፍ የራሳችንን ድምፅ እንኳ አላሰማን አለ። አዲስ አበባ አድጋ ከወላጆቿ ጋር ወደ አገሯ ደቡብ ሱዳን የተመለሰችው ጓደኛዬ ኛሩዋች እስከ ጉልበቷ የጨቀየ እግሯን አንስታ፣

«ቲቸር፣ ዝናቡ እኮ ገና ኸላስ አላለም!» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ቲቸር ግን አልሳቀችም። መስኮቱን ከፍታ ውጪውን ብዙ አየች።

«እውነቷን ነው» አለች። «የማታውቁትን ሰማይ ነው ሳስተምራችሁ የከረምኩት።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰማዩ ወርዶ «የጁባ ዓመት» የሚል ትልቅ ባዶ ካርቶን ጠበቀን። እያንዳንዳችን በየወሩ ያየነውን እንድንስልበት ነገረችን። ኛሩዋች ማንጎ የሚወድቅበትን ወር ሳለች፤ እኔ ከኡጋንዳ የሚመጡት ሎሪዎች ጭቃ ይዟቸው የአባቴ ሱቅ ባዶ የሚሆንበትን። ትምህርት እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም።

አባቴ የኮሚኒቲው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። ሊወስደኝ ሲመጣ ግድግዳውን አየ፤ አይቶ ዝም የሚል ሰው ደግሞ አልነበረም።

«ቲቸር፣ ልጄን የላክኋት አገሯን እንዳትረሳ ነው» አላት። «የጁባን ጭቃማ ደጄ ላይ አላት። አበባውን ይመልሱልን።»

«አቶ ከድር፣ አበባውን ጠልቼው አይደለም» አለችው። «ልጆቹ ግን የሚኖሩት እዚህ ነው። ዓይናቸው ያየውንም ቢስሉ ምናለበት?»

«እዚህማ ለጊዜው ነው» አለ አባቴ።

የኮሚቴው ሰዎችም ከእሱ ጋር ወገኑ። ቲቸር እያየናት ካርቶኑን ከግድግዳው ላጠችው፤ ሥዕሎቻችን እንዳይቀደዱ በጥፍሯ ቀስ እያለች። ከወሮቹ ግማሾቹ ገና ባዶ ነበሩ። ከዚያ በኋላም ሳትለጥፍ ያሳለፈችው በዓል የለም፤ ግን ወንበር ላይ ወጥታ ቀና ነው ዘመመ ብላ የጠየቀችኝ ጊዜ የለም። ገናን ለጥፋልን ብዙም ሳትቆይ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። እናቷ ታመው ነው ያለም ነበር፣ ቅር ብሏት ነው ያለም። እኛን አልተሰናበተችንም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለጊዜው ባላት ጁባ የአባቴ ጠጉር ሸበተ። ሱቁን ለእኔ ትቶ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ማታ ማታ ይደውላል። መጀመሪያ ስለ ገበያው ነበር የሚጠይቀኝ። አሁን አሁን ሌላ ነገር ይጠይቃል።

«የጀበል ተራራ ለመለመ?» አለኝ ትናንት።

«እስከ አናቱ፣ አባዬ።»

«አቧራው እስኪመጣ እንግዲህ እንደዚያው ነው» አለና ቀጠለ።

«ያቺ አስተማሪያችሁ ግን የት ገባች?»

ስንቱን ሰው ጠይቄ ነበር፤ የሚያውቅ አላገኘሁም።

«አላውቅም» አልኩት።

«ስልኳን እንኳ የያዘ ሰው የለም?» አለኝ።